ተዘዋዋሪ ውሃ

(መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ያለ ሜዳ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ድንኳን ተተክሏል። በሩ ላይ «ውሃ እና ማኅበረሰብ፦ ተዘዋዋሪ የሙዚየም ዐውደ ርዕይ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ሙራድ የፕላስቲክ ዕቃ ጅምላ ሻጭ ነው፤ ሱፍ ለብሶ ክራቫት አስሯል። ጎረምሳው ማሙሸት ጭድ ተራ ገመድ ይሸጣል፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሏል። ጀሪካኑ አርጅቶ ነጥቷል፣ እጀታው በገመድ ተጠግኗል፣ ክዳን ስለሌለው አፉ በፌስታል ተወትፏል። ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።)

ሙራድ፦ አይገባም አልኩህ! ጀሪካን ይዘህ አትገባም!

ማሙሸት፦ ባዶ ነው እኮ ጋሽ ሙራድ።

ሙራድ፦ ባዶ መሆኑ ነው የባሰው! ሙሉ ቢሆን ሊሰጥ ነው የመጣው ይሉሃል። ባዶ የያዘ ሰው ሊወስድ ነው የሚመጣው።

ማሙሸት፦ ልወስድ ነዋ የመጣሁት።

ሙራድ፦ ምን?

ማሙሸት፦ ውሃ። ይኸው «ውሃ» ይላል። ያውም በትልቁ ነው የጻፉት።

ሙራድ፦ ቀጥሎ ያለውንስ አላነበብክም?

ማሙሸት፦ ውሃ የሚለው ላይ ስደርስ ጀሪካን ላመጣ ሮጥኩ።

ሙራድ፦ ሱብሃነላህ! ጭድ ተራ ስትውል ጭዱ ጭንቅላትህ ውስጥ ገብቷል እንዴ? ይሄ እኮ ዐውደ ርዕይ ነው። ርዕይ ማለት ማየት። ውሃ የሚታይበት እንጂ የሚቀዳበት አይደለም!

ማሙሸት፦ አይቼው ምን ልሁን? ይጥፋ እንጂ መልኩን አልረሳሁትም።

ሙራድ፦ ስለ ውሃ ጠቀሜታ ግንዛቤ ትጨብጣለህ።

ማሙሸት፦ ግንዛቤ ስንት ሊትር ነው? ጀሪካኑ ይበቃዋል?

ሙራድ፦ ግንዛቤ በጀሪካን አይያዝም፣ አንተ ደነዝ! በጭንቅላት ነው የሚያዘው። ለዚህ ነው አንተ የምትቸገረው።

ማሙሸት፦ ጋሽ ሙራድ፣ ይስደቡኝ ግድ የለም። መቅደላዊት ዛሬ ከሐኪም ቤት ትወጣለች። ሴት ልጅ ወልዳለች። ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። መንገዱን ከቆፈሩት ወዲህ ቧንቧው ሲከፈት ፉጨት ብቻ ነው። የገዛ ልጄን በምን ላጥባት?

ሙራድ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት። ግን ውሃ በጠፋበት ሰፈር የተወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ ያንተ ናት? ታገስ። ዛሬ ማታ የኛ ፈረቃ ነው፣ ይለቀቃል። ከውስጥ የነገረኝ ሰው አለ።

ማሙሸት፦ ያ ከውስጥ የሚነግርዎት ሰው ባለፈውም ነግሮዎት ነበር።

ሙራድ፦ ያኔ እሱ ራሱ ውጭ ወጥቶ ነበር! አሁን ዝም በልና አታዋርደኝ። ዛሬ እኔ የአካባቢው ማኅበረሰብ ተወካይ ነኝ። የመዝጊያ ንግግር አለኝ። ካሜራ አለ።

ማሙሸት፦ ማነው የወከለዎት?

ሙራድ፦ ማን ይወክለኛል? እዚህ ሰፈር ማይክ ይዞ የማይንተባተብ ሌላ ማን አለ? አንተ? አንተ ማይኩን ብትይዘው አፉን በፌስታል ትወትፈዋለህ።

ማሙሸት፦ እውነትዎን ነው። ውሃ ሲጠፋ እንደርስዎ የሚደሰት የለም። ባልዲው፣ በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ሱቅዎ ሠርግ ቤት ይመስላል። ውሃ የመጣ ቀን ነው የሚያኮርፉት።

ሙራድ፦ ንግድ ነው! አንተስ ገመድ ስትሸጥ ለምን ይሆን ብለህ ትጠይቃለህ?

ማሙሸት፦ ፊቱ ከጠቆረ እጠይቃለሁ።

ሙራድ፦ (ጨርቁን በጣቱ እያሳየ) ይልቅ ይሄን አንብብልኝ። «ተዘዋዋሪ»። ምን ማለት ነው?

ማሙሸት፦ ቦቴ መኪና። ውሃ ጭኖ እየዞረ የሚያድል።

ሙራድ፦ አይ መከራዬ! ተዘዋዋሪ ማለት አንድ ቦታ አይቀመጥም ማለት ነው። አንዱ ጋ ሲያበቃ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ዛሬ እኛ ጋ ነው፣ ዛሬውኑ ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ገባህ?

ማሙሸት፦ ኧረ ገባኝ! እኛ ቤትም እኮ ውሃ ተዘዋዋሪ ነው።

ሙራድ፦ እንዴት ሆኖ?

ማሙሸት፦ ፊት የታጠብንበት አይደፋም፣ እግር ይታጠቡበታል። እግር የታጠቡበት ወለል ይወለውላል። ወለል የወለወለው ሽንት ቤት ይደፋል። አንዱ ጋ ሲያበቃ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

ሙራድ፦ (አፍንጫውን ይዞ) ኤጭ! እኔ ስለ ሙዚየም አወራለሁ፣ አንተ ስለ እጣቢ! እጣቢና ሙዚየም አይለይህም?

ማሙሸት፦ ሙዚየም ማለት ድሮ የነበረ፣ አሁን ግን የሌለ ነገር የሚቀመጥበት አይደል?

ሙራድ፦ ተመስገን! አንድ ነገር እንኳ ታውቃለህ።

ማሙሸት፦ እና ውሃ ሙዚየም ገባ?

ሙራድ፦ ገባ።

ማሙሸት፦ (ራሱን ይዞ) በቃ! ዘንድሮ አለቀልን! ከእንግዲህ በቧንቧ አይመጣም ማለት ነዋ!

ሙራድ፦ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል! ያንን ቆሻሻ አንድ ቦታ ጣልና ና። እኔ ራሴ አስጎበኝሃለሁ። አንተ እንኳ ከገባህ ለካሜራው ሰውም ይገባዋል።

(ማሙሸት ጀሪካኑን ይዞ በድንኳኑ ጀርባ ይዞራል። የሸራውን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ባዶ እጁን ይመለሳል።)

ሙራድ፦ (ክራቫቱን እያስተካከለ) ጣልከው?

ማሙሸት፦ ኧረ አልጣልኩትም። ከጓደኞቹ ጋር አሰለፍኩት።

ሙራድ፦ (ሳይሰማው) ጎሽ። ግባ። ምንም እንዳትነካ! እዚህ ያለው ሁሉ ቅርስ ነው።

(ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። ሙራድ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል።)

ሙራድ፦ ይኸውልህ፣ ይሄ እንስራ ነው። እናቶቻችን ከምንጭ የቀዱበት። ውሃ ባህል ነው! ውሃ ማንነት ነው!

ማሙሸት፦ (አንገቱን አስግጎ ያይና) ባዶ ነው።

ሙራድ፦ ይሄ ደግሞ ቅል ነው። ለመንገደኛ።

ማሙሸት፦ ባዶ ነው።

ሙራድ፦ ይሄ ጥንታዊ በርሜል ነው።

ማሙሸት፦ (ያንኳኳል፤ ይጮሃል) ባዶ! ጋሽ ሙራድ፣ ይሄ እኮ የኛ ቤት ነው! ባዶ በርሜል፣ ባዶ ባልዲ፣ ባዶ ጆግ። እኛ ቤት መግቢያ ማስከፈል ስንችል ቁጭ ብለናል!

ሙራድ፦ ያንተ ቤት ባዶ ነው። ይሄ ግን ትርጉም ያለው ባዶ ነው!

ማሙሸት፦ ልዩነቱ ምንድነው?

ሙራድ፦ መብራት በርቶበታል።

(ከድምፅ ማጉያ የሚንፎለፎል ውሃ ድምፅ ይለቀቃል። ማሙሸት ጆሮውን ያቆማል።)

ማሙሸት፦ ውሃ መጣ! ውሃ መጣአአ! ኧረ ጎረቤት፣ ውሃ መጣ!

ሙራድ፦ ዝም በል! አንተ! ቅጂ ነው! የተቀዳ ድምፅ ነው!

ማሙሸት፦ ከተቀዳማ ማነው የቀዳው? የት ነው ያስቀመጠው?

ሙራድ፦ ድምፁ ነው የተቀዳው! ውሃው አይደለም!

(ከውጭ ግርግር ይሰማል። «ውሃ መጣ!» የሚል ጩኸት ከሱቅ ወደ ሱቅ ይተላለፋል። ባዶ ጀሪካን ሲንኳኳ፣ ሰው ሲሮጥ ይሰማል።)

ሙራድ፦ አየህ ያመጣኸውን ጣጣ? መርካቶን አተረማመስከው!

ማሙሸት፦ ጋሽ ሙራድ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ድምፅ ሽንቴን አመጣው።

ሙራድ፦ ከኋላ ሽንት ቤት አለ። ሂድ ገላግለኝ።

(ማሙሸት ይወጣል። ወዲያው እግሩን አጠላልፎ ይመለሳል።)

ሙራድ፦ ምነው?

ማሙሸት፦ በሩ ላይ ምን ተጽፏል መሰለዎት? «ውሃ ስለሌለ ተዘግቷል።»

ሙራድ፦ እ… እሱም የዐውደ ርዕዩ አካል ነው። ግንዛቤ እንድትጨብጥ ነው።

ማሙሸት፦ ኧረ ብዙ ሰው ጨብጦ ቆሟል!

ሙራድ፦ ባለጌ! ና ወደዚህ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው።

(አንድ ረጅም የጀሪካን ሰልፍ ፊት ይቆማሉ። ሰልፉ የሚጀምረው በውሃ ከተሞላ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ሥር ነው። ከፊት ያሉት ጀሪካኖች አዲስ ሆነው ጭቃ ተቀብተዋል። ከእነሱ በኋላ ሰልፉ በሸራው ሥር ሾልኮ ወደ ውጭ ይቀጥላል።)

ሙራድ፦ «ወረፋ» ይባላል። ጀሪካኖቹን እኔ ነኝ ያቀረብኩት። ያረጀ አምጣ ቢሉኝ አዲሱን ጭቃ ቀባሁት። ማን ያውቃል? (ወደ ውጭ እያየ) እንዴ! ጠዋት እንዲህ ረጅም አልነበረም። አስፋፍተውታል! አየህ፣ ጥበብ ሲያድግ!

ማሙሸት፦ ጋሽ ሙራድ፣ ይሄ እኮ…

ሙራድ፦ አታቋርጠኝ! (ሰልፉ መሐል አንድ የነጣ ጀሪካን ያያል፤ ይደነግጣል፤ ይጠጋል) ላ ኢላሃ ኢለላህ! ይሄን ማን ሠራው? ይሄማ የኔ አይደለም።

ማሙሸት፦ እሱማ የ…

ሙራድ፦ ዝም በልና ተማር! ይሄ ትልቅ ባለሙያ የሠራው ነው። ይሄን ገመድ አየኸው? እጀታው ላይ? ምንን ያመለክታል?

ማሙሸት፦ እጀታው ተሰብሮ…

ሙራድ፦ የማኅበረሰቡን የእርስ በርስ ትስስር! ይሄ አፉ ላይ የተወተፈው ፌስታልስ?

ማሙሸት፦ ክዳኑ ጠፍቶ…

ሙራድ፦ የታፈነ ድምፅ! የውሃ ጥም ያፈነው የሕዝብ ድምፅ! (እንባውን ሊጠርግ መሐረብ ያወጣል) ጎኑ ላይ ያለውን ይሄን ጭረትስ?

ማሙሸት፦ እሱ እንኳ ሚኒባስ ነው።

ሙራድ፦ የታሪክ ጠባሳ ነው፣ ደደብ! አንተ ከዚህ ዕቃ አጠገብ ስትቆም ዕቃው አንተን የሚጎበኝ ነው የሚመስለው! እንዲህ ያለ ሥራ መሐል ላይ ይቀመጣል? ይሄማ ፊት ነው መሆን ያለበት!

(ጀሪካኑን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ያነሳዋል። ተሸክሞ ገንዳው ሥር፣ ከሁሉም ፊት ያስቀምጠዋል። ከውጭ «ሰውዬ! ወረፋ ጠብቅ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።)

ሙራድ፦ (ወደ ውጭ እየጮኸ) ጥበብ ወረፋ የለውም! (ከገንዳው ላይ «አይነካም» የሚል ካርቶን ነቅሎ ጀሪካኑ ላይ ይለጥፋል) በቃ! ከዚህ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው። ያንቀሳቀሰ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው!

ማሙሸት፦ (በቀስታ) ማንም?

ሙራድ፦ ማንም!

ማሙሸት፦ እርስዎም ቢሆኑ?

ሙራድ፦ እኔም ብሆን! ቅርስ እኮ ነው!

ማሙሸት፦ እሺ ጋሽ ሙራድ። እግዜር ያክብርልኝ።

ሙራድ፦ አሁን ትንሽ ገባህ። (ገንዳውን በኩራት እየዳበሰ) ይሄንንስ አነበብከው? «የመርካቶ ውሃ፤ በማኅበረሰቡ ተወካይ በአቶ ሙራድ ለማኅበረሰቡ የተበረከተ።»

ማሙሸት፦ (አፉን ከፍቶ) እውነተኛ ውሃ ነው? እርጥብ?

ሙራድ፦ የሚያስተባብሩት ሰዎች ያስቀመጡት ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ለካሜራ አላምር አለ። እኔ ሙራድ ምን አደረግኩ? ዛሬ ጠዋት የቤቴን በርሜሎች አስገልብጬ ሞላሁት!

ማሙሸት፦ በርሜሎቹን በሙሉ? እትዬ ሰዓደት ምን አሉ?

ሙራድ፦ ለሚስት እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞ አይነገርም። በቲቪ ስታየው ትኮራለች። ደግሞ ማታ ፈረቃችን ነው አላልኩህም?

ማሙሸት፦ ጋሽ ሙራድ… ከዚህች ላይ ለሕፃኗ አንድ ጆግ ብቻ…

ሙራድ፦ ምን?! ይሄ እኮ የሚታይ ውሃ ነው! ላንተ ልጅ ገላ ብዬ የሕዝብ ቅርስ ላጎድል? ካሜራው ጎድሎ ቢያየው ስሜ የተጻፈው ከውሃው በላይ ይቀራል!

ማሙሸት፦ ገና የተወለደች ልጅ የምትታጠብበት አጥታ ነው እኮ።

ሙራድ፦ ታድጋለች! ስታድግ አምጣትና ፎቶውን አሳያታለሁ።

(ማሙሸት ወደ ጀሪካኑ ጠጋ ይላል። በድምፅ ማጉያ የአስተባባሪዋ ድምፅ ይሰማል፦ «ውድ ጎብኚዎቻችን! ዐውደ ርዕያችን አሁን ተነቅሎ ወደ ቀጣዩ ከተማ ይጓዛል። ገንዳው ከነውሃው ስለማይጫን፣ ማኅበረሰቡም ይህን የመሰለ ወረፋ ይዞ ስለጠበቀን፣ ውሃውን ለማኅበረሰቡ እናድላለን። ከፊት ካለው ጀሪካን እንጀምራለን።» ከውጭ እልልታ ይቀልጣል።)

ሙራድ፦ ምን?! የኔን ውሃ? ቆይ! ቆይ! ማነው ከፊት ያለው?

ማሙሸት፦ (ፌስታሉን ከጀሪካኑ አፍ እየነቀለ) የታፈነው የሕዝብ ድምፅ።

ሙራድ፦ እንዳትነካው! አይነካም ይላል!

ማሙሸት፦ እኔ አልነካሁትም፣ የራሴ ነው። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ክዳኑን የጣለችው መቅደላዊት ናት። የታሪኩ ጠባሳ ራጉኤል ጋ ሚኒባስ ገጭቶት ነው። ከቅድም ጀምሮ ልነግርዎት ነበር፣ «ዝም በልና ተማር» አሉኝ። ተማርኩ።

(ሠራተኞች የገንዳውን ቧንቧ ይከፍታሉ። የማሙሸት ጀሪካን ይሞላል። ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። ጀሪካን ከጀሪካን እየተጋጨ ይሞላል። ሙራድ ወዲያ ወዲህ ይላል።)

ሙራድ፦ ውሃው የኔ ነው! አስቁሙት! ስሜ ተጽፎበታል!

ማሙሸት፦ «ለማኅበረሰቡ የተበረከተ» ይላል እኮ። እኔ ደግሞ ማኅበረሰቡ ነኝ።

(የሙራድ ስልክ ይጮሃል።)

ሙራድ፦ ሃሎ ሰዓደት… ማን መጣ?… የልጃችን የሀፍሷ ሽማግሌዎች? ነገ አላሉም እንዴ?… እሺ፣ ሳሎን አስገቢያቸው… ገብተዋል?… አንደኛው ሽንት ቤት ገብተው የሚደፉት አጥተው አልወጡም?… በርሜሉ ምን?… ባዶ?… አይ፣ ሌባ አይደለም… በርሜሉማ… እ… ሙዚየም ገብቷል። (ስልኩን ከጆሮው ያርቃል፤ የሰዓደት ጩኸት ድንኳኑን ይሞላዋል። ይዘጋዋል።)

ማሙሸት፦ ሱቅዎ ሞልቶ የለም እንዴ? አንድ ያምጡና ወረፋ ይያዙ።

ሙራድ፦ የሞላው ጀሪካን ነው! ውሃ ነው የሌለው! (ወደ ገንዳው ይሮጣል፤ ገንዳው ተንጠፍጥፏል፤ መስታወቱን በእጁ ይዳብሳል) ደረቀ! ወላሂ ደረቀ!

ማሙሸት፦ አያስቡ፣ አሁን ትርጉም ያለው ባዶ ሆኗል። መብራቱም እንደበራ ነው።

(በድምፅ ማጉያ፦ «የማኅበረሰቡ ተወካይ አቶ ሙራድ፣ ስለ ውሃ ጠቀሜታ ንግግር እንዲያደርጉልን ወደ መድረክ!» ጭብጨባ። ሙራድ አይንቀሳቀስም።)

ሙራድ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ማሙሻ… ወንድሜ…

ማሙሸት፦ ወንድምዎ ሆንኩ? ቅድም ደደብ ነበርኩ።

ሙራድ፦ ተወው፣ በጨዋታ ነው። ከዚያች ጀሪካን ትንሽ ቀንስልኝ። ሰውየው ከሽንት ቤት ካልወጡ የልጄ ነገር ያበቃለታል።

ማሙሸት፦ ይሄም የልጄ ነገር ነው። (ጀሪካኑን አቅፎ) ደግሞ አይነካም። እርስዎም ቢሆኑ ብለዋል።

ሙራድ፦ እለምንሃለሁ! ለመጠጥ አይደለም፣ ለምግብ አይደለም፣ ለሽንት ቤት ብቻ ነው!

ማሙሸት፦ (ቆም ብሎ) ለሽንት ቤት ብቻ?

ሙራድ፦ ለሽንት ቤት ብቻ!

ማሙሸት፦ ታዲያ እንዲያ አይሉኝም? ይደርስዎታል።

ሙራድ፦ አላህ ልጅህን ያሳድግልህ! መቼ?

ማሙሸት፦ መጀመሪያ ሕፃኗ ትታጠብበታለች። ቀጥሎ ጨርቆቿ ይዘፈዘፉበታል። ከዚያ እኔ እግሬን እታጠብበታለሁ። ከዚያ ወለሉ ይወለወልበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ተራ የእርስዎ ነው።

ሙራድ፦ ማሙሸት!

ማሙሸት፦ ምን ላድርግ ጋሽ ሙራድ፣ ተዘዋዋሪ ነው። አንዱ ጋ ሲያበቃ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። (ጀሪካኑን ትከሻው ላይ አውጥቶ ወደ በሩ ይራመዳል፤ ዞር ይላል) እስከዚያ ድረስ ሽማግሌዎቹን ግንዛቤ ያስጨብጧቸው።